ምድር ቤት ውስጥ የፊልም ክፍል ለምትሠሩ፦ ድምፁንም አየሩንም አብራችሁ አስቡ

ድምፅ እንዳይወጣ ብላችሁ የምትደፍኑት ቀዳዳ ሁሉ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ፊልምና ኳስ የሚታይበት ክፍል ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህችን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ከያዘ ትልቁን ሥራ ጨርሷል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያስበው። መጀመሪያ ድምፁን ይዘጋል፣ ክፍሉ ማፈን ሲጀምር ደግሞ መሰርሰሪያ ይዞ አርማታ ሊበሳ ይነሳል። ያኔ ወጪውም ድካሙም ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ የደከመበት የድምፅ መከላከያ በዚያው ቀዳዳ ይወጣል።

ቤቴን የሠራሁት ደብረ ብርሃን ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መሠረቱ ሲቆፈር ከታች በኩል አንድ ወለል የሚያወጣ ከፍታ ተገኘ። አፈር ከምንሞላው ምድር ቤት እናድርገው ተባለ፣ አደረግነው። ከላይ ወላጆቼ ይተኛሉ። አባቴ ለኪዳን ጎህ ሳይቀድ የሚነሱ ሰው ናቸው፤ ማታ በጊዜ ይተኛሉ። እኔና ወንድሞቼ ደግሞ ማታ 4 እና 5 ሰዓት ላይ የሚጀምረውን የአውሮፓ ኳስ አንድም ቀን አናሳልፍም። ስለዚህ ድምፁ የግድ መታሰር ነበረበት። ብዙ ሰው እየደወለ ስለሚጠይቀኝ የሠራነውን እንዳለ ልጻፈው።

ከድምፅም ከአየርም በፊት ግን ውሃ አለ። የእኛ አካባቢ ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህ አፈር የምድር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ውሃውንም ግፊቱንም ወደ ቤት ይዞ ነው የሚመጣው። ከግድግዳው ውጭ ያለውን ዋልካ አስነስተን በጠጠር ሞላነው፣ ከሥር ውሃ የሚሰበስብ የተበሳሳ ቱቦ ወደ ቁልቁለቱ አወጣን፣ የግድግዳውን ውጫዊ ገጽ ሬንጅ አስቀባን። ከዚያ በኋላ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። የውስጡን ግድግዳ ከመሸፈናችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት ባዶውን ይለፍ። ነሐሴ ላይ በባትሪ እየዞራችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። እርጥበት የሚያሳይ ቦታ ካለ ያኔ ይታያል፣ ያኔ ይታከማል። ጂፕሰሙ ከተለጠፈ በኋላ የመጣ ውሃ ከኋላ ተደብቆ ሁሉንም ነገር ያሻግታል።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ። የምድር ቤት ግድግዳ አርማታ ከመሞላቱ በፊት፣ ፌሮው ታስሮ ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ሳይዘጋ፣ የአየር መግቢያና መውጫ ቱቦዎች ቦታቸው ላይ መቀመጥ አለባቸው። ፎርማናችን የመንዝ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ። ቱቦዎቹን ሲያዩ «ልጄ፣ ሽንት ቤቱ እኮ በወዲያኛው በኩል ነው» አሉኝ። «ለአየር ነው ጋሼ፣ በኋላ አርማታ እንዳንበሳ ብዬ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ ቱቦው ወደ ውጭ በኩል በጥቂቱ እንዲያዘቀዝቅ አደረጉት። ዝናብ ወደ ቱቦው ቢገባ እንኳ ተመልሶ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሁለቱንም ጫፍ በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅጥቀው ዘጉት። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያጋጥማችሁ።

የቱቦው ስፋትና ብዛት ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ጋ ነውና። ክፍሉ 7 ሜትር በ5 ሜትር ነው እንበል፣ ከፍታው 2.7። ወደ 95 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያይ አንድ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። 8 ሰው ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ 290 ሊትር ገደማ ነው። ክፍሉ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ከሆነ፣ ውጭ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) አካባቢ የሆነው መጠን ውስጥ ከ3,000 በላይ ይደርሳል ማለት ነው። ያኔ ራስ ይከብዳል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ሰው ፊልሙ ደበረኝ ይላል። የደበረው ፊልሙ ላይሆን ይችላል፤ አየሩ ነው።

ለአንድ ሰው በሰከንድ ከ7 እስከ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ይበቃል። ለ8 ሰው መካከለኛውን ብንይዝ በሰዓት 250 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህን አየር በአንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የሽንት ቤት ቱቦ ልናሳልፍ ብንል አየሩ በሰከንድ ከ7 ሜትር በላይ ይፈጥናል። ያፏጫል። ፊልሙ ጸጥ ባለ ቁጥር የሚሰማችሁ የቱቦው ፉጨት ነው። አየሩ ጸጥ ብሎ እንዲገባ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ላይ መቆየት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ባለ 160 ሁለት ቱቦ ለመግቢያ፣ ሁለት ለመውጫ ያስፈልጋል። ወይም ባለ 200 አንድ አንድ። እኛ ባለ 160ውን መረጥን፣ ምክንያቱ ፌሮውን ብዙ ሳንረብሽ ማሳለፍ ስለሚቀል ነው። ግድግዳው ላይ የምታስቀምጡትን ቀዳዳ ሁሉ ግን ስትራክቸሩን የሠራው መሐንዲስ ይየው።

ድምፁ እንግዲህ። ድምፅ የሚቆመው በአራት ነገር ነው፦ በክብደት፣ በመለያየት፣ በመካከል በሚገባ መሙያ፣ እና ቀዳዳ በመድፈን። ከአራቱ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክብደትን ነው፤ «ግድግዳውን ወፍራም አድርገው» ይሏችኋል። ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ግን የሚቀንሰው ድምፅ ቢበዛ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ መስሎ እንዲሰማ እንኳ 10 ዴሲቤል ያህል መቀነስ አለበት። ስለዚህ የ20 ሳንቲ ሜትር አርማታ 40 ስለሆነ ብቻ አባቴ እንቅልፍ አያገኙም።

መለያየት ነው ትልቁ። ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል ትሠራላችሁ፤ የውስጠኛው ግድግዳ ወለሉ ላይ ብቻ ይቆማል፣ የውጭውን ግድግዳ የትም አይነካም። አንዲት ቪት እንኳ ሁለቱን ካገናኘች ድምፁ በእሷ ይሻገራል። ሠራተኛ ደግሞ ግድግዳ እንዳይወዛወዝ ብሎ በሞራሌ ቁራጭ ከኋላው ግንብ ጋር ማጣበቅ ይወዳል፣ ከልብ ጥሩ የሠራ መስሎት። አጠገቡ ቁሙና አስረዱት። የእኛ የጂፕሰም ሠራተኛ ምክንያቱ ከገባው በኋላ ከእኔ በላይ ጠባቂ ሆነ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቱቦውን ከግንቡ ጋር ሊያጣብቅ ሲል እሱ ነው ያስቆመው።

በሁለቱ መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር? ይህም በስሜት የሚወሰን አይደለም። ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሁለት ድርብ ሲሆን 18። ይህን ከአርማታው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብታርቁት በመካከል ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ) አካባቢ አብሮ ይንቀጠቀጣል። 100 ኸርዝ ማለት ደግሞ የባሱ፣ የወፍራሙ ድምፅ መሀል ነው፤ ከነጭራሹ ጂፕሰም ባይኖር የሚሻልበት ሁኔታ አለ። ክፍተቱን 10 ሳንቲ ሜትር ስታደርጉት ያ መንቀጥቀጥ ወደ 45 ኸርዝ ይወርዳል። ውስጡን በሮክ ዉል (ከድንጋይ በሚሠራ ጥጥ መሰል መሙያ) ስትሞሉት ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋል። ከክፍሉ ስፋት 10 ሳንቲ በየጎኑ መስጠት ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን ስጡት። እርጥበት እንዳይጋራም ሮክ ዉሉ የአርማታውን ግድግዳ እንዳይነካ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አርማታውን ያቀዘቅዘዋል፣ የሰው ትንፋሽ እዚያ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል።

ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ ይከላከላል የሚሉ ሰዎች አሉ። አይከላከልም። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ምን ሊያደርገው? ስፖንጅ የሚያደርገው ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ መዋጥ ነው፣ ይህም ለክፍሉ ውስጥ ጥራት ይጠቅማል እንጂ ከላይ ላሉት ሰዎች አይጠቅምም። በዚያ ላይ ተራ ስፖንጅ እሳት ሲነካው ፈጥኖ ነው የሚነደው፣ ጭሱም መርዝ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ይህን ግድግዳ ሙሉ መለጠፍ እኔ አልደፍርም፣ እናንተም አትድፈሩ።

ለማስተጋባቱ እኛ ያለን ነገር አለ። የመንዝ ባና! ወፍራም የበግ ጸጉር ነው፣ ከስፖንጅ ይልቅ እሳት በቀላሉ አይይዘውም፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ በጎንና በኋላ ብትሰቅሉት የሚያስተጋባውን ድምፅ ቀጥ ያደርገዋል። ውበቱስ! ባናውን ስሰቅል ከመሐል ሜዳ የመጣች አክስቴ «ይኸን አልጋ ላይ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ ማን ይሰቅላል?» ብላ ነበር፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው እሷ ናት። የምትጠነቀቁት ብልን ነው። አየር በማይዘዋወርበት ጨለማ ክፍል ብል ጸጉር ይወዳል። ስለዚህ አውልቃችሁ በየጊዜው ፀሐይ ላይ አስጡት፣ አራግፉት። ነፍታሊን ግን ክፍሉ ውስጥ አትጨምሩ፤ በተዘጋ ቦታ ውስጥ እሱን መተንፈስ ለጤና አይሆንም።

ገንዘባችሁን በአፈር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አትጨርሱ። ከአርማታው ኋላ ያለው ምድር ነው፣ ድምፅ ወደዚያ ቢሄድ የሚረበሽ የለም። ድምፁ በብዛት የሚወጣው በኮርኒሱና በበሩ ነው። ብሎኬት የሆነ የውስጥ ግድግዳ ካለ ደግሞ በሁለቱም በኩል በደንብ ይለሰን፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ወንፊት ነው፣ አየርም ድምፅም ያሳልፋል።

ኮርኒሱን ከሶሌታው (ከላይኛው ቤት ወለል አርማታ) ላይ በሽቦ አንጠልጥሎ መሥራት የተለመደ ነው። ያ ሽቦ ግን ድምፁን ቀጥታ ወደ ሶሌታው ይወስደዋል። እኛ ከውስጠኛው ግድግዳ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ቱቦላሬ ብረት አጋድመን ኮርኒሱን እዚያ ላይ አሳረፍነው፤ ሶሌታውን አይነካም። ሁለት ድርብ ጂፕሰም በ35 ካሬ ሜትር ከ600 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የብረቱን ውፍረት መሐንዲስ ያስላ። ስፖት ላይት የሚባለውን አትጠቀሙ፣ ያማረ ኮርኒስ ላይ ቀዳዳ ማብዛት ነው። መብራቱ ከኮርኒሱ በታች ተለጥፎ ይቀመጥ። ሶኬቶችም በአንድ ግድግዳ በሁለት ጎን ፊት ለፊት አይሁኑ፣ ይለያዩ፣ የሽቦ መግቢያቸውም በሲሊከን ይደፈን።

ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ድምፅ ሌላ ጣጣ ነው። ሙቀጫ! እናቴ ቡና ስትወቅጥ ምድር ቤት ያለ ሰው ጭንቅላቱ ላይ የሚወቀጥ ይመስለዋል። የርግጫና የውቀጣ ድምፅ በአርማታ ውስጥ በቀጥታ ይጓዛል፣ ከታች ሆናችሁ ብትከላከሉት ወጪው ብዙ ውጤቱ ትንሽ ነው። ከላይ ነው የሚቆመው። ከሙቀጫው ሥር ወፍራም ጎማ አደረግን፣ ሳሎኑ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ለወንበር እግሮች ሁሉ ጎማ አለበስን። ከሠራነው ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም የጠቀመው ይህ ነው።

በር። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፣ በቀጭኗም ስንጥቅ ያልፋል። ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶ የሚሆን ቀዳዳ ካለ ግድግዳው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ20 ዴሲቤል በላይ መከላከል አይችልም። በር ሥር ያለች አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ደግሞ ከበሩ ስፋት ግማሽ በመቶ ያህል ናት። ስለዚህ ባዶ ቺፑድ በር አይሆንም። ውስጡ ድፍን የሆነ ከባድ እንጨት፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥሩም ደፍ ይኑረው። የደረጃው ሥር ቦታ ካላችሁ ሁለት በር በመካከሉ ትንሽ ክፍተት ሰጥታችሁ ብትሠሩ ከሁሉ ይበልጣል። በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ፣ መቆለፊያቸውም ከውስጥ ሆኖ ቁልፍ ሳያስፈልግ የሚከፈት። በቁልቁለቱ በኩል ሰው የሚያስወጣ መስኮት አስቀርተናል፤ ከውስጥ በሚነሳ ከባድ መዝጊያ ይሸፈናል፣ እሳት ቢነሳ ግን በዚያ ይወጣል። ይህን ማንም ቦታ አጣሁ ብሎ እንዳይተወው።

እሺ፣ አሁን በጥንቃቄ የዘጋችሁት ክፍል ውስጥ ትልልቅ ቱቦዎች አሉ። ድምፁ በእነሱ እንዳይወጣስ? እያንዳንዱ ቱቦ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በሣጥን ውስጥ ያልፋል። ሣጥኑ ከወፍራም ኤምዲኤፍ የተሠራ ነው፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ በ5 ሳንቲ ሜትር ሮክ ዉል ተለብጧል፣ ብናኙ እንዳይበን ደግሞ በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። አየሩ በውስጡ ሁለት ሦስቴ እየታጠፈ ያልፋል። አየር ቢታጠፍም ያልፋል፤ ድምፅ ግን በየመታጠፊያው ሮክ ዉሉን እየመታ ይደክማል። የምትጠነቀቁት የውስጥ መተላለፊያው በየትኛውም ቦታ ከቱቦው እንዳይጠብ ነው። ከጠበበ እዚያው ያፏጫል።

አየሩን በቱቦው የሚያንቀሳቅሰው ማራገቢያ ክፍሉ ውስጥ አይግባ። እኛ ከጎን ባለው ዕቃ ቤት በጎማ አንጠልጥለነዋል፣ ከቱቦው ጋር የሚያገናኘውም ተጣጣፊ ነገር ነው፣ እንቅጥቅጡ እንዳይሻገር። ትልቅ ማራገቢያ ገዝታችሁ ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጉት። ትንሹን ገዝቶ በሙሉ ፍጥነት ማስጮህ አይጠቅምም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጩኸቱ ከ15 ዴሲቤል በላይ ይጨምራል።

የመውጫውን ቱቦ ከኮርኒሱ ሥር አንስተን እስከ ጣሪያው በላይ ወሰድነው። ይህ ለእኛ አገር የተሰጠ ጸጋ ነው። ማታ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፣ የክፍሉ አየር ሞቃት ነው፣ ሞቃት አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ቢቆምም አየሩ በመጠኑ መንቀሳቀሱን አይተውም። የመግቢያው አፍ ግን የት ጋ እንደሆነ በደንብ አስቡ። ከጄኔሬተር፣ መኪና ከሚቆምበት፣ ከሽንት ቤት መተንፈሻ ይራቅ። ጄኔሬተር ከመግቢያው አጠገብ ማስነሳት ጭሱን በቱቦ ወደ ሰዎቹ መላክ ነው።

ስለ ከፍታችንም ልናገር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሰው ቁጭ ብሎ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ 8 ሰው፣ ፕሮጀክተርና አምፕሊፋየር ሲደመር ከአንድ ኪሎ ዋት ይበልጣል። ስለዚህ ሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ለሙቀት የተሰላ የአየር መጠን ካገኛችሁ 40 በመቶ ያህል ጨምሩበት። ፕሮጀክተራችሁም ላይ የከፍታ ቦታ የሚል ማስተካከያ ካለ አብሩት። ብዙዎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ ነው የሚያዙት። ሲበራ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ይጮሃል፣ ስለዚህ ከተመልካቹ ራስ በላይ ሳይሆን ራቅ አድርጉት፣ የአየር መውጫውንም ከእሱ አጠገብ አድርጉት። አምፕሊፋየር በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ አልገዛንም፣ አያስፈልገንም። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት የሚገባው አየር ሰው አንገት ላይ ቢነፍስ «ብርድ መታኝ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ዛሬ አንድ ዘመድ ብርድ ከመታው ነገ ቱቦው ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ታገኙታላችሁ። ሰው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲያዘጋ አይታችሁ የለም? ይህን ሰው በክርክር አታሸንፉትም። አየሩ መግባቱ እንዳይታወቀው አድርጋችሁ ነው የምትሠሩት። መግቢያውን ከኋላ ከኮርኒሱ ሥር አደረግነው፣ አፉን አሰፋነው፣ አየሩ ቀስ ብሎ ወጥቶ ላይ ካለው ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወርደው። እስካሁን ማንም ጨርቅ አልጠቀጠቀም። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የምትሠሩ ግን ጉዳዩ ይገለበጥባችኋል፤ የእናንተ ጭንቅ ሙቀት ነው፣ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ የምድር ቤት ግድግዳ ላይ ሲያርፍም ጤዛ ይሆናል፣ ማቀዝቀዣውን ከዲዛይኑ ጀምሮ አስቡበት።

አሁን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ የምፈልገውን ልናገር። ከሰል ወደዚህ ክፍል አይግባ። በጭራሽ። እኛ ጋ ብርድ አለ፣ ቡና ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይፈላል። ከሰሉ በደንብ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ምን ያደርጋል ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ የሌለው ፍም ራሱ ያወጣዋል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ተኝቶ ይቀራል። በየዓመቱ በብርዱ ወቅት ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሞቱ ሲባል እንሰማለን፤ ያ በተራ ቤት ነው፣ በበርና በመስኮት ክፍተት አየር በሚገባበት። እኛ የሠራነው ክፍል ሆን ብለን ክፍተቱን ሁሉ የደፈንነው ነው። የአየር ቱቦ አለኝ ብላችሁም አትተማመኑ፤ ቱቦው የተሰላው ለሰው ትንፋሽ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማራገቢያው ይቆማል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ደግሞ ሰው ከሰል የሚፈልግበት ሰዓት ነው።

እኛ ቤት ቡናው ላይ ሳሎን ወይም ግቢ ይፈላል፣ ጀበናው ብቻ ይወርዳል። ዕጣኑም እዚያው ላይ ይጨሳል። እናቴን ሳስረዳ መጀመሪያ «ቡና ያለ ረከቦትና ያለ ፍም ምኑ ቡና ነው» ብላ ነበር። ምክንያቱን ስነግራት ግን ዝም አለች፣ ከዚያ ወዲህ ልጆች ምድጃ ይዘው ወደ ደረጃው ሲሄዱ የምትመልሰው እሷ ሆነች። ለብርዱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ አለ፣ ለዚያውም ሰው ሲሞላ ክፍሉ በራሱ ይሞቃል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፣ በባትሪ ይሠራል፣ ጋዙን ሲያገኝ ይጮሃል። አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ።

ሥራው ሲያልቅ እንዲህ ፈትሹት። ማታ የክፍሉን መብራት አብሩ፣ የውጭውን አጥፉ፣ ከውጭ ሆናችሁ በበሩ ዙሪያ ብርሃን የሚያሳይ ቦታ ፈልጉ። ብርሃን ካለፈ ድምፅ ያልፋል። ከዚያ ሙዚቃ ከፍ አድርጋችሁ ላይ ውጡ፣ ጆሯችሁን ለሶኬት፣ ለኮርኒስ ጥግ፣ ለቱቦው አፍ አስጠጉ። ስልክ ላይ የሚጫነው የድምፅ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፣ ግን ሁለት ቦታ ለማነጻጸር ይረዳል። የእኛ ቤት ከላይ ንግግር አይሰማም፤ ሰብውፈሩ (የባስ ድምፅ ማጉያው) ሲያጓራ በጸጥታው ሰዓት ለተኛ ሰው በመጠኑ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከ5 ሰዓት በኋላ እሱን ዝቅ እናደርገዋለን። አባቴ «አሁንስ ድምፅ የለም» ብለውኛል።

ቱቦዎቹ ውጭ በኩል የአይጥና የነፍሳት ወንፊት ሽቦ ይኑራቸው። ወንፊቱ መንገድ ስለሚያጠብ አፉ ላይ ከቱቦው ሰፋ ብሎ ይሠራ። በበጋ አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል፣ በየወሩ እያወለቃችሁ እጠቡት።

አርማታው ከተሞላ በኋላ ይህን የምታነቡ ደግሞ አላችሁ፣ ስልክ የሚደውሉልኝም አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። መንገድ አለ። መስኮት ካላችሁ አንዱን ጎን ለአየር መውጫ ስጡት፣ መግቢያውን ከደረጃው አዳራሽ በረጅሙ ሣጥን አሳልፉት፤ ግን ደረጃው አጠገብ ወጥ ቤት ካለ የሽንኩርቱ ሽታ አብሮ ይገባል። መስኮት ከሌላችሁ አርማታ ክብ አድርጎ የሚቆርጥ ማሽን ያላቸው ሰዎች አሉ፤ በመዶሻና በፌሮ ከመደብደብ እሱ ይሻላል፣ ግድግዳውን አይሰነጥቅም። ከኮለንና ከቢም ራቁ፣ የሚበሳበትን ቦታ መሐንዲሱ በእጁ ምልክት ያድርግላችሁ፣ ከውጭ በኩል ያለው ሬንጅም በተቆረጠበት ዙሪያ እንደገና ይቀባ።